ሱቅ የሚላከው ማን ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ከበስተኋላዬ የምትሰሙት የባጃጅ ድምፅ ነው። መስኮቱን ብዘጋ የሐዋሳ ሙቀት አያስቀምጠኝም፣ ብከፍተው ደግሞ ባጃጁ አያስወራኝም። ከሁለቱ ባጃጁን መርጫለሁ፤ ታገሡኝ።

አዲስ ለተቀላቀላችሁ፣ እኔ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል የምሠራ የሶሻል ወርክ ባለሙያ ነኝ። ታካሚዎቻችን ግን እንዲህ ብለው አይጠሩኝም። ነጭ ጋውን ከለበስኩ «ሲስተር» ነኝ፣ መነጽር ካደረግኩ «ዶክተር»፣ ስለ መታወቂያና ስለ ጤና መድኅን ስናወራ ደግሞ «የቀበሌዋ ልጅ»። በሦስቱም ስጠራ አቤት እላለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ የማወራላችሁ ከብዙ ሰዎች ታሪክ የተውጣጣ ነው። ሰፈሩን፣ ዕድሜውን፣ አንዳንዴም ጾታውን ቀይሬዋለሁ። «ይህቺማ አክስቴ ናት» የሚል ካለ፣ አይደለችም።

በቀጠሮ ቀን ጠዋት ኮሪደሩ ይሞላል። ከአለታ ወንዶ፣ ከይርጋለም፣ ከሻሸመኔ፣ ከሐላባ ገና ሳይነጋ ተነሥተው የመጡ አሉ። ሐኪሙ ወይም ነርሱ አስታማሚውን «እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «አሁንማ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዝም ብሏል። ይበላል፣ ይተኛል፣ ማንንም አያስቸግርም።» ካርዱ ላይ «ተሻሽሏል» ይጻፋል፤ መድኃኒቱ ይታዘዛል፤ ቀጣዩ ይጠራል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ያንን ሰልፍ ያየ አይወቅስም። እኔ ግን ከክፍሉ ሲወጡ ጠብቄ አንዲት ጥያቄ አለችኝ፦ «ሱቅ ይላካል?»

አብዛኞቹ ይስቃሉ። «እሱ? ሱቅ? ኧረ አንቺ ልጅ!»

ጥያቄዋ ቀላል ትመስላለች። ነገር ግን አንድን ሰው ሱቅ ለመላክ ገንዘብ በእጁ መስጠት አለባችሁ። ብቻውን ከበር እንዲወጣ፣ ጎረቤት እንዲያየው፣ ባለሱቁን እንዲያናግር፣ መልስ ቆጥሮ እንዲመለስ መፍቀድ አለባችሁ። በአንድ ኪሎ ስኳር ውስጥ ይህ ሁሉ አለ። ሰውየው ዝም ማለቱን ብቻ ካየን፣ የሚታየን ቤተሰቡ ማረፉ ነው። እሱ ራሱ የት ደረሰ የሚለው አይታየንም። ዝም ያለው መድኃኒቱ አደንዝዞት ሊሆን ይችላል። ተስፋ ቆርጦም ሊሆን ይችላል። ብዙዎች የሚወስዱት ሃሎፔሪዶል የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሰውነትን ሊያገትር፣ እጅ ሊያንቀጠቅጥ፣ ፊትን ሊያደርቅ ይችላል። ያን ጊዜ «እንዴት ረጋ ያለ ልጅ ሆነ» ይባላል።

እርግጥ ጥያቄው ለሁሉም አይሆንም። የቤት አባወራን «ሱቅ ይላካሉ?» ማለት ስድብ ነው። ለእሱ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ጣሪያው ሲጠገን ተማክረዋል? ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ? የእድር መዋጮው በስማቸው ነው የሚከፈለው ወይስ በልጃቸው? ለእናት ደግሞ፣ ቡናውን ማን ነው የሚቆላው? የጓዳው ቁልፍ ማን ጋ ነው? አንዲት ሴት ከታመመች በኋላ የቤቷን ቁልፍ ባሏ ለእህቱ ሰጥቶባት ነበር። ለእኔ ስትነግረኝ ስለሚሰማት ድምፅ አንድ ቃል አላነሣችም፤ ስለ ቁልፉ ብቻ ነው የነገረችኝ።

ቤት ለቤት ስሄድ ጋውኔን ቢሮ ሰቅዬ ነው። የሆስፒታል መኪና ቢገኝ እንኳ በር ድረስ አላስነዳውም፤ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ሰፈር ሁሉ ያነበዋል። በባጃጅ ሄጄ ከመታጠፊያው ላይ እወርድና በእግሬ እገባለሁ። እንዲያም ሆኖ ደብተር የያዘች ሴት አትሰወርም። አንድ ጊዜ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ አንድ ግቢ ስገባ፣ እርዳታ ልመዘግብ የመጣሁ መስሏቸው እናቶች መታወቂያቸውን ይዘው ተከተሉኝ። «እኛንስ የማትጽፊን ምን አድርገን ነው?» ተባልኩ። የመጣሁበትን መናገር አልችልም፤ ምዝገባ የለም ብል ደግሞ የሚያምነኝ የለም።

እዚያ ግቢ ውስጥ ያለው ወጣት ከኋላ በኩል ባለው ሰርቪስ ቤት ነው የሚኖረው። ትልቁ ቤት ውስጥ ሁሉም በአንድ ትሪ ከብበው ይበላሉ፤ እናቱ ለእሱ በፕላስቲክ ሳህን አድርገው በሩ ላይ አስቀምጠውለት ይመለሳሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። በየወሩ መድኃኒቱን በመርፌ ለሚወጋበት ቀን አንድም ጊዜ ቀርተው አያውቁም። «እማማ፣ ለምን አብሮ አይበላም?» ብላቸው፣ «ሰው ሲበዛ ይረበሽብኛል ልጄ» አሉኝ። ሕመሙ በበረታበት ሰሞን እውነት ነበር፤ ሰው በዛ ሲል ይረበሽ ነበር። ያ ሰሞን አለፈ፣ ሳህኑ ግን ቀረ።

«እስኪ ክብሪት ይግዛልዎት» አልኳቸው። ክብሪት እንዳላቸው አይቻለሁ፤ እሳቸውም እንዳየሁ ያውቃሉ። ከመቀነታቸው ብር ፈትተው፣ ደግመው ቆጥረው ሰጡት። እሱ ወጣ። እናት በሩ ላይ ቆሙ። እኔን እያናገሩኝ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። ቆየ፤ ቆየና መጣ። ክብሪቱን ሰጣቸው፤ በመልሱ ግን ሲጋራ ገዝቶበታል። «አየሽ? አየሽ አይደል?» አሉኝ፤ የተፈረደልኝ ይመስል የነበረው ክርክር ወደ እሳቸው ዞረ። ያን ጊዜ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለሁለት ፍሬ ሲጋራ እንዲህ ይባላል?» አለ። እኔ ሳቄን ዋጥኩት። እናቱን በገንዘብ ያላስቀየመ ወጣት በሐዋሳ ካለ አሳዩኝ።

ቤተሰቡ ግን አልሳቀም። ከቀጠሮው ቀን በፊት ይዘውት መጡ። «ተናጋሪ ሆኗል፣ መርፌው ይጨመርለት» አሉ። ነርሳችን የመለሰው በጥያቄ ነበር። ሌሊት ይተኛል? ይተኛል። ምግቡን ተመርዟል ብሎ ይጠረጥራል? አይጠረጥርም። ብቻውን ያወራል? አያወራም። ከቤት ይጠፋል? አይጠፋም። «እንግዲያውስ ተቆጥቷል እንጂ አልታመመም» አላቸው፤ የወር መርፌውም እንደ ነበረ ቀጠለ። ይህንን ለምታዳምጡ አስታማሚዎች፦ ንዴት ብቻውን የሕመሙ መመለስ ምልክት አይደለም። ከሁሉ በፊት እንቅልፉን ተመልከቱ። ሌሊቱን በተከታታይ ካልተኛ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ።

የዝምታው ነገር ሌላም ጣጣ አለው። ቡታጅራ አካባቢ ለዐሥር ዓመት ክትትል የተደረገበት ጥናት እንዳሳየው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው ይሞታሉ። ቀዳሚው ምክንያት ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው። ይህን ቁጥር ባነሣሁ ቁጥር አንድ የሚያስለውን ታካሚ አስባለሁ። ሳሉ ከከረመ ሰንብቷል። «አሞኛል» አይልም፣ ከቤትም የጠየቀው የለም። ለአእምሮው ክትትል በየወሩ ሆስፒታል ይመጣል፤ ደረቱን ግን ያዳመጠለት አልነበረም። ጨዋ ሆኗል ስንል እንዲህ ያለውን ሰውም ጭምር ነው።

መድኃኒት ስለማቋረጥ ብዙ ይወራል። «አይገባቸውም» ይባላል፤ ይገባቸዋል። አንዳንዱ መድኃኒት የምግብ ፍላጎትን በጣም ይከፍታል። ቤቱ ውስጥ እንጀራ በቁጥር ከሆነ፣ ያንን መድኃኒት የዋጠ ሰው የወንድሞቹን ድርሻ ዓይን ዓይኑን እያየ ያድራል። ስለዚህ ይተወዋል። ይህ ለእኔ አእምሮው የሠራ ሰው ውሳኔ ነው። ምክር ከመስጠቴ በፊት የምጠይቀው ማታ ምን እንደተበላ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ከቀበሌ ደብዳቤ ማጻፍ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መታወቂያ መኖሩን ማየት፣ ከሐኪሙ ጋር ሌላ መድኃኒት ይኖር እንደሆነ መነጋገር ይሆናል። ፊልም ላይ እንደሚታየው ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ የልብ ማውራት? እሱም አለ፤ በዓመት አንዴ ቢሆን ነው።

አስተርጓሚዎችን ሳላነሣ አላልፍም። ሲዳሙ አፎ ለሰላምታና ለቡና ያህል እሞክራለሁ፤ ለሐዘን ግን አይበቃኝም። አንዲት እህት ወንድሟ እያስተረጎመላት ነበር። ረጅም ተናገረች፤ እጇን አወናጨፈች፣ እንባዋን ጠረገች፣ ደግማ ተናገረች። ወንድምየው ወደ እኔ ዞሮ «ደህና ነኝ ነው የምትለው» አለኝ። በሌላ ቀን ቋንቋውን የምትችል ነርስ አስገብቼ፣ ወንድምየውን ካርድ ክፍል ላክሁት። የተናገረችው ስለ አባታቸው መሬት ነበር።

ከመሬትና ከቤት ጋር የተያያዘ ጉዳይ ይዘው የሚመጡብን ዘመዶች ብዙ ናቸው። «እብድ መሆኗን የሚገልጽ ወረቀት ስጡን» ይላሉ። እኔም እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ፦ የሕክምና ማስረጃ ሰውን ከንብረቱ አያወጣም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሰውን በንብረቱ እንዳያዝ የሚከለክለው ፍርድ ቤት ነው። ይህን ስናገር ፊታቸው የሚጠቁር አለ፤ ሳይሰናበት የሚሄድም አለ። ይሂድ።

ሥራ ላይ ላላችሁ አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከተማችን ከየገጠሩ በመጡ፣ አንድ ክፍል ለብዙ ተከራይተው በሚኖሩ ወጣት ሴቶች ተሞልታለች። ከእንዲህ ያሉ ሠራተኞች አንዷ ስትታመም መጀመሪያ የምታስበው «ተባረርኩ» ብላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሕመም ምክንያት እስከ 6 ወር ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ። አእምሮ ታሞም ቢሆን ሕመም ሕመም ነው። ለመሥሪያ ቤት በሚጻፈው ወረቀት ላይ የሕመሙ ዓይነት እንዳይዘረዘር እንጠይቃለን። «በሕክምና ላይ ናት፣ ዕረፍት ያስፈልጋታል» ከተባለ ይበቃል።

ስለ ፀበልና ስለ ጸሎት ሁልጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። በአጭሩ፦ ከቄስም ከፓስተርም ጋር አልጣላም። የምለምናቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «መድኃኒትህንም ዋጥ» እንዲሉልኝ። እነሱ አንዴ የተናገሩት እኔ ዓመቱን ሙሉ ከለፈለፍኩት በላይ ይሰማል። ታማሚውን በሰንሰለት ማሰር ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ አልስማማም።

ሰሞኑን የአስታማሚዎች ስብሰባችን ላይ የተነሣው ጭቅጭቅ አሁንም አላለቀም። የአንዲት እናት ልጅ አገግሞ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ ዓሣ ማጽዳት ጀምሯል። የቀኑን ገቢ ለእናቱ ያስረክባል፤ አሁን «ገንዘቤን ራሴ ልያዝ» ብሏል። እኔ «ይያዝ» አልኩ። እናትየው ቀና ብለው አዩኝና «አንቺ ጫት ቅሞ ሲያድር አብረሽው አታድሪም» አሉኝ። አነጋገራቸው ቢቆጠቁጠኝም ልክ ናቸው፤ ጫት እንቅልፍ ይወስዳል፣ እንቅልፍ ሲሄድ ሕመሙ ይመጣል። ሌላዋ እናት «የእኔስ ያልቃመው ብር ስለሌለው እኮ ነው፤ እሱን መዳን ትሉታላችሁ?» ብለው ገቡበት። አንድ አባት ግማሹን ለእሱ፣ ግማሹን ለዕቁብ አሉ። ዕቁቡ በማን ስም ይሁን ሲባል እንደገና ተቀጣጠለ። ልጁን እስካሁን የጠየቀው አልነበረም፤ ለሚቀጥለው ሐሙስ እሱም ተጠርቷል። እናቱ «እሱ ካለ እኔ አልናገርም» ብለዋል፤ እኔ ደግሞ እንደሚናገሩ እርግጠኛ ነኝ።

የዛሬው እዚህ ላይ ይብቃን። መልእክት የምትልኩልኝ ሁሉ፣ አነባለሁ። የመድኃኒት መጠን ግን በስልክ አልነግርም፤ ሐኪም አይደለሁም፣ መነጽር ባደርግም። ሰላም ሁኑ።