የሁዳዴ ኩኪስ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የሰሊጥ ኩኪስ ነው። ድምፄን የምቀዳው ጎንደር፣ እናቴ ማድ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነው። ኦቨኑ ገና አልቀዘቀዘም፤ የተቆላ ሰሊጥ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

ልጅ ሳለሁ ፒያሳ ላይ አንድ ዳቦ ቤት ነበር። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ከተማዋን በያዙበት ጊዜ ከሠሯቸው ሕንፃዎች በአንዱ ሥር ነበር። አባቴ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲመለሱ በዚያ ያልፉና በጋዜጣ የተጠቀለለ ኩኪስ ይዘውልን ይገቡ ነበር። ስስ ነው፤ ጠርዙ ጠይም፣ ፊቱ በሰሊጥ የተሸፈነ። ሲነክሱት ቀጭ ይላል፤ ከዚያ አፍ ውስጥ ይፈርሳል። ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆነው። አባቴም አርፈዋል። ያንን ጣዕም ግን ምላሴ አልረሳውም፤ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቤቴ ውስጥ ልመልሰው ስታገል ቆየሁ።

መጀመሪያ በለጋ ቅቤ፣ በእንቁላልና በቤኪንግ ፓውደር ሠራሁት። እንደ ቂጣ ተለጠፈ። አሠራሩን የወሰድሁት ከባሕር ወለል ብዙም ከማይርቅ አገር መሆኑን ያኔ አላሰብሁም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው ወደ 93 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ አየሩም ስስ ስለሆነ ሊጡ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ ቶሎ ይለጠጣል፤ ሊጡ ሳይጠነክር ይነፋና ተመልሶ ይወድቃል። ስኳሩንም ቤኪንግ ፓውደሩንም ቀነስሁ፤ ቅርጹ ተስተካከለ። ጣዕሙ ግን የኬክ ጣዕም ነበር። ለጋ ቅቤ ውስጥ ያለው ውሃ ይሆናል ብዬ ያለ ቅመም አንጥሬ ሞከርሁ። ጥሩ ብስኩት ወጣው። የእኛ አልነበረም።

ለእናቴ አቀመስኋቸው። ቁራሹን አላምጠው ዋጡ፤ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «አንቺ ልጅ፣ አባትሽ በሁዳዴ ቅቤ ቀምሰው ያውቃሉ?» አሉኝ።

እጄ ላይ ያለው ሰሃን ከበደኝ። እውነት ነው፤ አባቴ ኩኪሱን የሚያመጡት በጾም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ ሲወጡ ይገዙታል፤ ቤት ገብተው ከእኛ ጋር ሻይ እያጣጡ ራሳቸውም ይበሉታል። ወተት የነካው ማንኪያ እንኳን ተለቅልቆ ካልሆነ የማይነኩ ሰው ናቸው። እኔ ቅቤና እንቁላል የምጨምርበት ኩኪስ ከመጀመሪያውም ቅቤና እንቁላል አልነበረበትም።

ታዲያ ያ ጥፍጥና ከየት መጣ? ከሰሊጡ ነው። እንደኛ ላለ አገር ሰው ይህን መርሳት ያሳፍራል፤ በመተማ በኩል የሚመረተው ሰሊጥ በገበያ ላይ «የጎንደር ሰሊጥ» ተብሎ ራሱን የቻለ ስም ያለው ነው። በጾም ፍትፍቱን በሰሊጥና በሱፍ የምናባብል ሰዎች ነን፤ ቅቤን የሚተካ ቅባት የት እንዳለ እናቶቻችን ድሮም ያውቃሉ።

አሁን እንዲህ ነው የምሠራው። 250 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 100 ግራም የተፈጨ ስኳር፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይት። 80 ግራም ሰሊጥ በዝግታ እቆላለሁ፤ ግማሹን እወቅጠውና ዱቄቱ ውስጥ እጨምራለሁ፤ ግማሹ ለፊቱ ይቀመጣል። ዘይቱን ከዱቄቱ ጋር በጣት እየፈተጉ ማሸት ያስፈልጋል፤ ዱቄቱ አስቀድሞ በዘይት ከተሸፈነ ውሃ ሲነካው አይለጥጥም፤ የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃው መጨረሻ ላይ ይገባል፣ 60 ሚሊ ሊትር ያህል። ሊጡ አንድ ላይ እንደያዘ እጄን አነሳለሁ። እንደ ዳቦ ሊጥ ያሸው ሰው ድንጋይ ያወጣል።

ቀጭ የሚለውን ድምፅ የሰጠኝ ደግሞ አሞኒያ ነው። ጋጋሪዎች አሞኒያ የሚሉት አሞኒየም ባይካርቦኔት የተባለውን ነጭ ዱቄት ነው፤ ለመጋገሪያ የሚሸጠውን ብቻ ተጠቀሙ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ በውሃው ውስጥ አሟሟለሁ። ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ ወደ ጋዝና እንፋሎት ይለወጣል፤ በስስ ኩኪስ ውስጥ ምንም ሳይተው ይወጣና ደረቅና ቀላል አድርጎት ይሄዳል። ለወፍራም ኬክ አይሆንም፤ ጋዙ መውጫ አጥቶ ይቀራል። በ180 ዲግሪ 15 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ኦቨኑን ስትከፍቱ ፊታችሁን ራቅ አድርጉ፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይወጣል፤ ኩኪሱ ሲቀዘቅዝ አብሮ ይጠፋል።

ያንን ሽታ ሳሸት ቆምሁ። ከአባቴ ጋር ወደ ዳቦ ቤቱ በገባሁባቸው ቀናት ከጓዳ ይመጣ የነበረው፣ አፍንጫዬን በነጠላቸው ጫፍ የምሸፍንለት ሽታ ይኸው ነበር። ለዚህን ያህል ዓመት የልብስ ማጠቢያ ነገር ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ዛሬ ሁለት በሉ። ሁለተኛውን ሻይ ውስጥ ነከሩት፤ አባቴ እንደሚያደርጉት። ከዚያ ገልብጠው የሥሩን ቀለም አዩና «ያኛው ሥሩ ጠቆር ይል ነበር» አሉኝ። ልክ ናቸው። ዳቦ ቤቱ በእንጨት የሚነድ የጡብ ምድጃ ነበረው፤ ሙቀቱ ከሥር ይመጣል። ጓሮ የተሰነጠቀ የሸክላ ምጣድ አለን። ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ነገ ዓርብ ነው፤ ስባሪውን ኦቨኑ ውስጥ አግዬ ኩኪሱን በላዩ እጋግራለሁ።