አሮጌ ኮምፒውተር ኤችዲ ፊልም ሲከፈትበት ለምን ያንቀዋል?

እንዴት ናችሁ? ሰላም ናችሁ? ከጅማ ነው። የሚሰማችሁ ጩኸት የማይክ ችግር አይደለም፣ ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ነው። እስኪያባራ ልጠብቅ ካልኩ ደግሞ፣ ጅማን ታውቋታላችሁ፣ ይሄ ቪዲዮ አይወጣም። ድምፁን ጨመር አድርጉና እንቀጥል።

የዛሬው ጉዳይ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ኤችዲ ፊልም ማየት ነው። ከዩቲዩብም ይሁን ከፍላሽ። ነገሩን ታውቁታላችሁ። ፊልሙን መርካቶ ሄዳችሁ አስጭናችሁ ትመጣላችሁ፣ ቡናው ይፈላል፣ ቤተሰቡ ይሰበሰባል፣ ፕሌይ ትላላችሁ። ድምፁ ጥሩ ይሄዳል። ምስሉ ግን ቆም፣ ሄድ፣ ቆም ይላል። ሰውየው አፉን ሳይከፍት ያወራል። በሩ ሲዘጋ ጓ የሚለው ይሰማል፣ በሩ ግን ገና ክፍት ነው። ፋኑ ያጓራል። ከዚያ አንዱ ከጥግ ሆኖ "ይሄ ኮምፒውተር አልቆለታል፣ ጣሉት" ይላል።

አትጣሉት። ቢያንስ ይሄን ቪዲዮ ሳትጨርሱ አትጣሉት።

መጀመሪያ ቁጥሯን ልንገራችሁ። አንድ የ1080ፒ ምስል በአግድም 1920፣ በቁመት 1080 ነጥብ አለው። ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 እንደዚህ ያለ ምስል ያሳያል። ይሄን ሳናምቅ እናስቀምጠው ብንል በሰከንድ ወደ 150 ሜጋባይት ይፈልጋል። የሁለት ሰዓት ፊልም ከ1 ቴራባይት ያልፋል ማለት ነው። እናንተ ፍላሽ ላይ ያለው ግን 2 ጊጋ ምናምን ነው። ቀሪው የት ገባ? ታምቋል። ኮምፒውተራችሁ ያንን የታመቀ ነገር እየፈታ ነው የሚያሳያችሁ፣ አንዱን ምስል ለመፍታት ያለው ጊዜ ደግሞ ወደ 41 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ካልደረሰለት ምስሉን ይጥለዋል። ያ ነው ቆም፣ ሄድ የሚለው።

እሺ። አሁን የምወዳትን ምሳሌ ላምጣ። ከቻናሉ ጋር የቆያችሁ "ደግሞ ወፍጮ ቤት ሊወስደን ነው" ትላላችሁ። አዎ፣ ልወስዳችሁ ነው።

ቤት ውስጥ ሙቀጫ አለ። ሙቀጫ የማይችለው ነገር የለም። በርበሬ ስጡት፣ ቡና ስጡት፣ ነጭ ሽንኩርት ስጡት፣ ዘነዘናውን የሚያነሳ ክንድ እስካለ ድረስ ሁሉንም ይወቅጣል። ግን ቀስ ብሎ ነው። ክንድም ይዝላል፣ ላብም ይመጣል። ወፍጮ ቤት ደግሞ አለላችሁ። ወፍጮ ከመፍጨት ሌላ ምንም አያውቅም። ግን ያቺን አንዷን ሥራ ሲሠራት፣ እናንተ ከባለወፍጮው ጋር ወሬ ሳትጀምሩ ዱቄቱ ማዳበሪያው ውስጥ ገብቷል።

ኮምፒውተር ውስጥም እንደዚያው ነው። ፕሮሰሰሩ ሙቀጫው ነው፣ ሁሉን ይችላል ግን ያልበዋል። ግራፊክሱ ውስጥ ደግሞ ቪዲዮ ከመፍታት ሌላ ሥራ የሌላት ትንሽ ክፍል አለች፣ እሷ ወፍጮዋ ናት። ሥራው ወደ እሷ ሲሄድ ሃርድዌር ዲኮዲንግ ይባላል።

ቆይ፣ አልጨረስኩም፣ ጣፋጩ ገና ነው የሚመጣው። ወፍጮ ቤት ገብታችሁ ካስተዋላችሁ፣ የእህሉ ወፍጮና የበርበሬው ወፍጮ ለየብቻ ነው። በእህሉ ወፍጮ በርበሬ ፍጭልኝ ብትሉት ባለወፍጮው እያሳደደ ያስወጣችኋል። ልክ ነው ደግሞ፣ ቀጥላ ጤፏን የምታስፈጨው እናት ምን በወጣት፣ እንጀራዋ ሲያስነጥሳት ይክረም? ስለዚህ የሰፈራችሁ ወፍጮ ቤት የበርበሬ ወፍጮ ከሌለው፣ በርበሬውን ተሸክማችሁ ቤት ትመለሳላችሁ። ከዚያ ወደ ሙቀጫው። ወጡ ተጥዷል፣ ሽንኩርቱ ሊያርር ነው፣ እናንተ ገና ትወቅጣላችሁ።

የአሮጌው ኮምፒውተር ችግር በቃ ይሄ ነው። ወፍጮው አለ፣ እናንተ የምታመጡለት ግን በርበሬ ነው።

ቪዲዮ የሚታመቅበት ዘዴ ኮዴክ ይባላል፣ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ እህሉም በርበሬውም እሱ ነው። ቶሎ ቶሎ ልበልላችሁ፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። በእህሉ ወፍጮ የሚፈጨው በቆሎ ኤች.264 ነው፣ የ2003 ነው፣ አብዛኛው አሮጌ ወፍጮ ያውቀዋል። በርበሬዎቹ ኤች.265፣ ኤችኢቪሲ የሚሉትም እሱኑ ነው፣ ከዚያ ቪፒ9፣ ሁለቱም የ2013። የባሰበት ኤቪ1 ነው፣ የ2018። ፋይሉን ያሳንሳሉ፣ መፍታቱ ግን ከባድ ነው። ኢንቴል ከሆናችሁ፣ 2011 ላይ የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ኮር አይ ኤች.264ን ያለ ችግር በወፍጮ ይፈጫል። ኤች.265 የመጣው በስድስተኛው ትውልድ፣ 2015 ላይ። ቀለሙን በበለጠ ዝርዝር የሚይዘው ባለ 10 ቢቱ ኤች.265ና ቪፒ9 በሰባተኛው። ኤቪ1 ከአስራ አንደኛው በፊት የለም። ከእነዚህ ሁሉ የቀደመውን ኮር ቱ ዱዎ የያዛችሁ፣ አብዛኞቹ ቦርዶች ላይ ያለው ግራፊክስ ለኤች.264 እንኳ ሙሉ ወፍጮ የለውም፣ ስለዚህ 720ፒ ላይ ሰላም ታገኛላችሁ። ካመለጣችሁ መልሱና ስሙት፣ ለዩቲዩብ ጥሩ ነው ይሉኛል።

ወደ መፍትሄው ልገባ ነበር። ግን ኮመንቱ አላስቀመጠኝም። ባለፈው ቪዲዮ ስር የተጻፈው ግማሹ ስለ ራም ነው። "ራም ወደ 8 ላሳድገው ወይ?" "ወላሂ ራም ብቻ ነው ችግሩ፣ ጓደኛዬ ነግሮኛል።" "ራም ገዛሁ፣ ያው ነው፣ የተሸጠልኝ ፎርጅድ ነው መሰለኝ።" ፎርጅድ አይደለም ወንድሜ! ራሙ ደህና ነው። የሌለ ሥራ ሰጥተኸው ነው።

ራም ማለት በርበሬው ተራ የሚጠብቅበት ሰፌድ ነው። ሰፌዱን ብታሰፉት ዘነዘናው አይፈጥንም። ፊልም ሲታይ ኮምፒውተሩ ፊልሙን ሙሉ ራም ላይ አይዘረግፈውም፣ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረ ነው የሚወስደው። 4 ጊጋ ካላችሁና የተከፈተው ፊልሙ ብቻ ከሆነ፣ 16 ብታደርጉት ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ራም የሚያንሰው መቼ ነው? 2 ጊጋ ይዛችሁ ክሮም ላይ ሃያ ታብ ስትከፍቱ። ያኔ የሃርድ ዲስኩ መብራት ያለ እረፍት ብልጭ ብልጭ ይላል፣ አይጡም አልንቀሳቀስ ይላል። እሱ ሌላ በሽታ ነው።

እንደገና ደግሞ "ኢንተርኔቱ ነው" የሚል አለ። ኢንተርኔቱ ሲሆን ምስሉም ድምፁም አብረው ይቆማሉ፣ መሃል ላይ ክቧ ትዞራለች። ድምፁ እየሄደ ምስሉ ከተቆራረጠ ግን ኢንተርኔቱን አትክሰሱ። ማስረጃ ከፈለጋችሁ ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮውን ራይት ክሊክ አድርጉ፣ ከታች "ስታትስ ፎር ነርድስ" የሚል አለ። ጥቁር ሳጥን ይከፈታል። እዚያ ውስጥ የተጣሉ ፍሬሞች፣ ማለትም ሳይታዩ የተዘለሉ ምስሎች፣ ቁጥር አለ። ዝም ብላችሁ እዩት። ቁጥሩ ሽቅብ ከሮጠ ኮምፒውተራችሁ እየወቀጠ ነው። ኮዴክ በሚለው መስመር ደግሞ ቪፒ09 ወይም ኤቪ01 ካለ በርበሬ መጥቶላችኋል። ኤቪሲ1 ካለ በቆሎ ነው።

በነገራችን ላይ እዚህ ድረስ አብራችሁኝ ካላችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ። ራም ሊገዛ ላለ ጓደኛ ደግሞ አሁኑኑ ላኩለት፣ ብሩን ታተርፉለታላችሁ።

እሺ፣ መፍትሄ። በዩቲዩብ እንጀምር። ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም የሚለው ጋ ግራፊክስ አክስለሬሽን መብራቱን እዩ፣ ጠፍቶ ከሆነ ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል ማለት ነው። ከዚያ "ኤች264ፋይ" የምትባል ኤክስቴንሽን አለች፣ ነፃ ናት። ሥራዋ አንድ ነው፣ ዩቲዩብን "ለዚህ ሰው በቆሎ ብቻ አምጣ" ትለዋለች። ከ1080ፒ በላይ ግን በኤች.264 አይመጣም፣ 4ኬ የለም። ለዚህ ኮምፒውተር 4ኬ ምን ሊሠራለት ነው ደግሞ? አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ ለተመሳሳይ ጥራት ኤች.264 ዳታ የበለጠ ይበላል። በፓኬጅ የምትጠቀሙ አስቡበት። ሞኒተራችሁ 1366 በ768 ከሆነ ደግሞ 720ፒ ላይ አድርጉትና ገላግሉት፣ ሞኒተሩ ሙሉውን 1080 ማሳየት ስለማይችል ትርፉ ላብ ነው።

ከፍላሽ ለምታዩ፣ ይሄን በደንብ ስሙኝ። ፊልም ስታስጭኑ የፋይሉን ስም እዩ። ኤክስ265 ወይም ኤችኢቪሲ ካለው ኤች.265 ነው፣ ተዉት፣ ኤክስ264 ያለውን፣ ማለትም ኤች.264ቱን፣ ስጠኝ በሉ። ልጁ "ይሄኛው ሳይዙ ያንሳል፣ ብዙ ይይዝልሃል" ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ ያንሳል። እሱ ግን ቤታችሁ መጥቶ አይወቅጥላችሁም። ኤክስ264 ሆኖ 10 ቢት የሚል ካለበትም ሽሹ፣ እሱን የሚፈጭ ወፍጮ በሰው ቤት ኮምፒውተር ላይ የለም ማለት ይቻላል። ኤምኬቪ ነው ኤምፒ4 ነው የሚለው ለውጥ አያመጣም፣ እሱ ማዳበሪያው ነው፣ ውስጡ ያለውን ነው ማየት።

ፊልሙን አንዴ ካመጣችሁት ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ከፍታችሁ ኮንትሮልና ጄ ስትጫኑ ኮዴኩን ይነግራችኋል። ፕሪፈረንስ ውስጥ ኢንፑትና ኮዴክ የሚለው ጋ ሃርድዌር ዲኮዲንጉን አውቶማቲክ አድርጉ። አሁንም ካነቀው እዚያው ገጽ ላይ ሉፕ ፊልተርን ዝለል የሚል አለ፣ "ኦል" በሉት። ምስሉ ትንሽ ካሬ ካሬ ይላል፣ ግን ይሄዳል። ኮዴክ ፓክ የሚባል ነገር ከየቦታው እያወረዳችሁ አትጫኑ፣ እለምናችኋለሁ፣ ቪኤልሲ የራሱን ይዞ ነው የሚመጣው።

ሃንድብሬክ በምትባል ፕሮግራም ኤክስ265ን ወደ ኤክስ264 መቀየርም ይቻላል። በአሮጌ ማሽን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፣ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ከዜሮ ነው። ፈጣን ላፕቶፕ ያለው ጓደኛ ካላችሁ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ ኪቶ ፉርዲሳ እንደዚህ ያለ ልጅ አይጠፋም፣ ቡና ጋብዙትና ለእሱ ስጡት።

ፋኑን አራግፉ። በሙቀት የተጨናነቀ ፕሮሰሰር ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ እናንተ አረጀ ትላላችሁ፣ እሱ አቧራ ነው የያዘው።

ብር ማውጣት የግድ ከሆነ፣ ዴስክቶፕ ላላችሁ ብቻ ነው ይሄ፣ ራም ሳይሆን የግራፊክስ ካርድ። ጂቲ 1030 የምትባለው የ2017 ካርድ ኤች.265ንም ቪፒ9ንም ትፈጫለች፣ ተጨማሪ የፓወር ገመድ አትፈልግም። ጂቲ 710 ርካሽ ነው ብለው ሊያሲዟችሁ ይችላሉ፣ እሱ በርበሬ አያውቅም፣ አትውሰዱ። ኬዛችሁ ቀጭኗ ዓይነት ከሆነ አጭሯን ካርድ ጠይቁ። ኮምፒውተሩን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስሰክታችሁ፣ ፊልም አስከፍታችሁ፣ አይታችሁ ነው ብር የምትቆጥሩት።

ኮመንት ላይ "ኮምፒውተሬ ያረጀ ነው፣ ምን ላድርግ" ብቻ ብላችሁ አትጻፉልኝ። ዊንዶውስና አር ተጫኑ፣ ዲኤክስዲያግ ብላችሁ ጻፉ፣ ፕሮሰሰር ከሚለው ጎን ያለውን ሙሉ ስም ገልብጣችሁ ላኩ። ዲስፕሌይ በሚለው ታብ ያለውን የግራፊክስ ስምም ጨምሩበት። የትኛው ወፍጮ እንዳላችሁ ከዚያ እነግራችኋለሁ። ራም ስንት እንደሆነ አልጠየቅኩም።