ኮዱን የሚያውቀው ማን ነው?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። እዚህ ደሴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሳስጠና ደጋግሜ የማስተውለው ነገር አለ፤ ሁሉም የዘረመል ኮድ ሰንጠረዥን፣ ማለትም የዘረመል ፊደላት የትኛውን አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) እንደሚያመለክቱ የሚያሳየውን ዝርዝር፣ ለፈተና ይሸመድዳሉ፣ ሰንጠረዡ ራሱ በህዋስ ውስጥ የት እንዳለ ግን የሚጠይቅ የለም። ሰሞኑን አንዲት ልጅ በህዋስ ውስጥ ፕሮቲን የሚገነባውን ራይቦሶም አንስታ «ቲቸር፣ ራይቦሶሙ ሦስቱ ፊደላት የየትኛው አሚኖ አሲድ እንደሆኑ በምን ያውቃል?» አለችኝ።

አያውቅም።

በዲኤንኤ ላይ በአራት የኬሚካል ፊደላት የተጻፈው ትእዛዝ ወደ መልእክተኛ አርኤንኤ ተገልብጦ ወደ ራይቦሶም ይደርሳል፤ እዚያም ሦስት ሦስት ፊደል እየሆነ ይነበባል። ከአራቱ ፊደላት 64 ጥምረቶች ይወጣሉ፤ 61ዱ 20ዎቹን አሚኖ አሲዶች ሲያመለክቱ 3ቱ ግንባታው እንዲቆም ያደርጋሉ። ይህ ሰንጠረዥ በ1961 እ.ኤ.አ. ኒረንበርግና ማታይ በተባሉ ተመራማሪዎች ሙከራ መፈታት ጀምሮ በ1966 ተሟላ።

በህዋሱ ውስጥ ግን ሰንጠረዡን የያዙት ኢንዛይሞች (የኬሚካል ለውጦችን የሚያፋጥኑ ሞለኪውሎች) ናቸው። ተሸካሚ አርኤንኤ በአንድ ጫፉ ከመልእክቱ ጋር የሚገጥሙ ሦስት ፊደላት፣ በሌላው አሚኖ አሲድ ይይዛል፤ ትክክለኛውን አሚኖ አሲድ መርጠው ከትክክለኛው ተሸካሚ ጋር የሚያያይዙት እነዚህ ኢንዛይሞች ናቸው። በ1962 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከተሸካሚው ጋር የተያያዘውን ሲስቴይን የተባለ አሚኖ አሲድ ድኙን በኬሚካል አውጥተው አላኒን ወደተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ለወጡት፤ ራይቦሶሙም ምንም ሳይጠራጠር ሲስቴይን መግባት በነበረበት ቦታ አላኒኑን አስገባው። መናኸሪያ ላይ ጭነት የሚረከብ ሰው በጆንያው ላይ የታሰረውን ምልክት እንጂ የውስጡን እህል እንደማያይ ማለት ነው።

ስለዚህ ጥንቃቄው ሁሉ በኢንዛይሙ ላይ ይወድቃል። አይሶሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ቫሊን ከተባለው የሚበልጠው በአንድ ካርቦንና በሁለት ሃይድሮጅን ብቻ በመሆኑ፣ የአይሶሉሲኑ ኢንዛይም አንዳንዴ ቫሊንን በስህተት ያነሳል፤ ነገር ግን ሁለተኛ ኪስ (ሞለኪውል የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ) አለውና በዚያ ቫሊኑን መልሶ ይቆርጠዋል። እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ይኸው ሁለተኛ ኪስ ነው፤ በመማሪያ መጽሐፋችን ግን ቦታ አላገኘም።

አንድ ነገር ግን ይቀራል፤ እነዚህ ኢንዛይሞች ራሳቸው ፕሮቲኖች ናቸው፣ የሚገነቡትም እነሱው በሚጠብቁት ኮድ ነው። ከፕሮቲን በፊት ሥራውን ማን ይሠራ ነበር ለሚለው፣ በራይቦሶም ውስጥ አሚኖ አሲዶችን እርስ በርስ የሚያያይዘው ክፍል ፕሮቲን ሳይሆን አርኤንኤ መሆኑ በ2000 እ.ኤ.አ. ስለታየ፣ ብዙ ተመራማሪዎች የሚያመለክቱት አርኤንኤን ነው።