አፈር ስሆን፣ አትክፈቱኝ

ክቡራን መምህሮቻችን፣ ውድ የግዕዝ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

አዘጋጆቹ «ስለ ጥንት ሰዎች አቀባበር ተናገር» ሲሉኝ ደንግጬ ነበር። ቅዳሜ ማታ ሻይ ይዞ ስለ ሬሳ ሳጥን የሚሰማ ማን አለ? ያው መጥታችኋል። እንግዲህ ቻሉኝ።

ፈረንጆች ከድንጋይ የተፈለፈለውን የሬሳ ሳጥን «ሳርኮፋገስ» ይሉታል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ «ሥጋ በላ» ማለት ነው። ሮማዊው ፕሊኒ እንደጻፈው፣ በዛሬዋ ቱርክ አሶስ ከምትባል ከተማ የሚወጣ ድንጋይ ነበር። ሬሳ ሲገባበት ከጥርስ በቀር ሁሉንም በ40 ቀን ይጨርሰዋል። እኛ ተዝካር ስናወጣ ድንጋዩ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው! ፕሊኒ የሰማውን ሁሉ የሚጽፍ ሰው ስለሆነ እኔ ብዙም አላምነው።

ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የመጣሁት ግን ሌላ ሰው ነው። ታብኒት ይባላል። ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት የሲዶን ንጉሥ ነበር። ሲዶን የዛሬዋ ሳይዳ ናት፤ ሊባኖስ የሠሩ እህቶቻችን ያውቋታል።

ታብኒት አዲስ ሳጥን አላሠራም። የተኛው በአንድ ግብጻዊ የጦር አዛዥ ሳጥን ውስጥ ነው። ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ክዳኑ በሰው አምሳል ተቀርጿል። የግብጹ ሰው ጽሑፍ እንኳ አልተፋቀም። ታብኒት ከግርጌው የራሱን በፊንቄ፣ ማለትም በአገሩ ሰዎች፣ ፊደል አስጨመረበት። የቀድሞው ባለቤት ሬሳ የት ደረሰ? እሱን አትጠይቁኝ።

እንግዲህ የሰው ሳጥን ውስጥ የተኛው ንጉሥ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? ይህን ሳጥን የምታገኝ ሰው ማንም ብትሆን፣ አትክፈት፣ አትክፈት፣ አታውከኝ። እኔ ዘንድ ብር የለም፣ ወርቅ የለም።

አሁን ወደ እናንተ ቤት ልምጣ። ፊንቄዎች አናባቢ አይጽፉም። «ክፈት» የሚለው ቃል በተነባቢ ብቻ ፐ-ተ-ሐ ነው። ያው የግዕዙ ፈትሐ፣ ከፈተ ማለት ነው! ራሱን ሲያስተዋውቅ ደግሞ ካህን ነኝ ይላል፤ በኛው ቃል፣ ካህን። የልጁ የእሽሙናዛር ሳጥን ላይ መቃብሩ መ-ሰ-ከ-በ ተብሎ ተጽፏል። ምስካብ፣ መኝታ። ይህን ሳነብ ሩቅ አገር ያለ ዘመድ በስልክ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

ደግሞ «አትክፈት» ውስጥ ያለችው «አት» ሁለቴ ነው የተጻፈችው። ድንጋይ መቅረጽ አድካሚ ነው፤ ሰው ቃል የሚደግመው ሲጨንቀው ነው። እኛ እንዲህ ሲጨንቀን «አፈር ስሆን» ብለን እንለምናለን። ታብኒት ግን አፈር መሆኑን ነው የፈራው።

ከፈቱታ! በ1887 እ.ኤ.አ. የኢስታንቡል ሙዚየም ኃላፊ የነበሩት ኡስማን ሐምዲ ቤይ የሲዶንን የነገሥታት መቃብር ሲያስቆፍሩ አገኙት። ክዳኑ ሲነሳ ታብኒት ፈሳሽ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሥጋው ገና ከአጥንቱ አልተለየም። «ሥጋ በላው» ያን ሁሉ ዘመን አልበላውም! ከፈሳሹ ወጥቶ አየር ሲነካው ግን መበስበስ ጀመረ። ዛሬ ቅሪቱም ሳጥኑም እዚያው ኢስታንቡል ሙዚየም ውስጥ ናቸው።

ልጁስ? ያለ ጊዜዬ ተነጠቅሁ፣ የመበለት ልጅ ነኝ ብሎ አስቀርጿል። ሳጥኔን ከቦታው ያነሳ የተረገመ ይሁን ይላል። ሳጥኑ በ1855 እ.ኤ.አ. ተገኘ፤ አሁን ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ነው።

እኛም አገር የድንጋይ ሳጥን አለ። አክሱም፣ ከሐውልቶቹ አጠገብ፣ ተመራማሪዎች «የሐሰት በር መቃብር» የሚሉትን ሂዱና እዩ። ከፊቱ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረበ በር ቆሟል፤ ሐውልቶቹ ግርጌ ላይ እንዳለው ዓይነት። በር ይመስላል እንጂ አይከፈትም። ከሥሩ ክፍል አለ፣ ውስጡም የድንጋይ ሳጥን። እርግማን አልተጻፈም፣ ልመና የለም፣ የባለቤቱ ስም እንኳ የለም። ሌቦች ከጥንት ጀምሮ ባዶ አድርገውታል። በሩ ግን ዛሬም አልተከፈተም።

የታብኒትን ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ አምጥቻለሁ፤ ስምንት መስመር ነው። ከኋላ ጀምራችሁ ተቀባበሉት። እስኪ በግዕዝ ስንቱን ቃል ታውቁታላችሁ?