ወደ ውህዱ የሄድንበት መንገድ

ክቡራን እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤

ዕፅዋት፣ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች የሚሠሯቸውን ውህዶች ነጥሎ ማውጣት፣ አወቃቀራቸውን መለየትና ስለ እነርሱ መጻፍ ረጅም ዘመን የቆየሁበት ሥራ ነው። በዚህ መድረክ እንድናገር ስትጋብዙኝ አንድ ነገር ብቻ ይዤ ቀርቤአለሁ። ስለ አንድ የተፈጥሮ ውህድ ስንጽፍ ወደ ውህዱ የሄድንበት መንገድ፣ ማለትም የተክሉ የትኛው ክፍል እንደተወሰደ፣ በምን እንደተዘፈዘፈ፣ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሞቀና በመጨረሻ ምን ያህል እንደተገኘ፣ ከውህዱ ስምና ከአወቃቀሩ እኩል ክብደት ሊሰጠው ይገባል እላለሁ።

በአንዲት ቅጠል ውስጥ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ውህዶች ተቀላቅለው ይገኛሉ። ፍሬድሪክ ዜርቱርነር የተባለው ወጣት ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ሞርፊንን ከኦፒየም ነጥሎ ሲያወጣ፣ ኦፒየም ሕመም የማስታገስ ኃይሉን በዋነኛነት የሚያገኘው ሊመዘንና ሊለካ ከሚችል አንድ ውህድ መሆኑን አሳየ። ከዚያ በፊት የኦፒየም ጥንካሬ ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ስለሚለያይ ሐኪሙ የሚያዘውን መጠን በእርግጠኝነት መወሰን አይችልም ነበር። ሆኖም የሞርፊን አቶሞች እንዴት እንደተያያዙ የሚያሳየውን ትክክለኛ አወቃቀር ሮበርት ሮቢንሰን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው፤ ከ100 ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው። ዛሬ የኒውክሊየር ማግኔቲክ ሬዞናንስና የማስ ስፔክትሮሜትሪ መሣሪያዎች በጥቂት ሚሊግራም ናሙና ተመሳሳይ ጥያቄ በቀናት ውስጥ ሊመልሱልን ይችላሉ። ነገር ግን መሣሪያው የሚመልሰው ጠርሙሱ ውስጥ ስላለው ነገር ብቻ ነው። ያ ነገር ወደ ጠርሙሱ እንዴት እንደገባ የምንመሰክረው እኛ ነን።

ለዚህ የወባ መድኃኒት ከሆነው ከአርቴሚሲኒን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩና የሥራ ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የወባ መድኃኒት ፍለጋ ሲነሡ በርካታ ዕፅዋትን ፈትሸው፣ ቺንግሃኦ ከተባለው ተክል ያወጡት ቅልቅል አንድ ጊዜ ሲሠራ ሌላ ጊዜ እየከሸፈ ተቸግረው ነበር። ተመራማሪዋ ጌ ሆንግ የተባለ ሊቅ በ4ኛው መቶ ዘመን የጻፈውን መመሪያ ደግማ ስታነብ፣ ተክሉን በውኃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ፣ ጭማቂውን መጠጣት እንደሚገባ የሚናገር ቃል አገኘች። በዚያ ቃል ውስጥ ማፍላት የሚባል ነገር አልነበረም። ምናልባት ውህዱን የሚያጠፋው ሙቀቱ ይሆናል ብላ ስላሰበች፣ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚፈላው ኤተር ማውጣት ጀመረች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1971፣ 191 ቁጥር የተሰጠው ናሙና ወባ በያዛቸው አይጦች ላይ ሲሞከር ጥገኛ ተውሳኩን ሙሉ በሙሉ አጠፋው። በማግሥቱ ዓመት ውህዱ በንጹሕ ክሪስታል መልክ ተገኘ፤ ቱ ዩዩም እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተጋራች።

የውህዱ አወቃቀር ሲታወቅ ሙቀትን መፍራቷ መነሻ እንደነበረው ታየ። አርቴሚሲኒን 15 የካርቦን፣ 22 የሃይድሮጅንና 5 የኦክስጅን አቶሞች ያሉት ሲሆን፣ ከኦክስጅኖቹ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተያይዘው በቀለበቱ መካከል እንደ ድልድይ ተዘርግተዋል። ይህ የፔሮክሳይድ ድልድይ ጥገኛ ተውሳኩ ሄሞግሎቢንን ሲፈጭ ከሚለቀቀው ብረት ጋር ሲገናኝ ይሰበራል፤ ስብራቱ የሚፈጥራቸው ቁርጥራጮችም ተውሳኩን ይገድሉታል። በቀላሉ መሰበሩ መድኃኒትነቱ ነው፤ አያያዙን በማያውቅ ሰው እጅ ደግሞ መጥፊያው ሊሆን ይችላል። ከ1,600 ዓመታት በፊት የነበረው ጸሐፊ ስለ ፔሮክሳይድ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ያደረገውን ግን እንዳደረገው ጻፈ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር በዓይኔ ያላየሁትን ሰው እጅ የጨበጥኩ ያህል ይሰማኛል።

መንገዱን በጥንቃቄ አለመመዝገብ የሚያስከፍለውን ዋጋ በራሴም ላይ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ቅጠል ባወጣሁት ቅልቅል ውስጥ ቀለም የሌለው፣ ቅባት የሚመስል ውህድ አገኘሁና ለአምስት ወራት ተከታተልኩት። በሲሊካ ጄል ዓምድ ላይ ደጋግሜ አጠራሁት፤ አወቃቀሩን በወረቀት ላይ ነድፌ ጽሑፉንም ጀምሬ ነበር። በመጨረሻ የሞለኪውሉን ቁርጥራጮች ክብደት በሚያሳየው ማስ ስፔክትረም ላይ 149 ቁጥር አጠገብ የቆመው ረጅም መስመር ልቤን አስደነገጠው፤ ያ መስመር ፕላስቲክን ለማለስለስ የሚጨመሩት ፍታሌቶች የታወቀ ምልክት ነውና። ቅጠሉን ሳልጨምር ያንኑ አሟሚ ፈሳሽ፣ ያንኑ የፕላስቲክ ቱቦና ያንኑ ማትነኛ ተጠቅሜ ሥራውን ከመጀመሪያው ስደግመው ያው ቅባት ወጣ። ውህዱ ከተክሉ ሳይሆን ከቱቦው የመጣ ነበር። ያ ጽሑፍ ታትሞ ቢሆን ኖሮ ሌሎች ተመራማሪዎች ተክሉ ፈጽሞ ያልሠራውን ነገር ሲፈልጉ ጊዜያቸውን ያጠፉ ነበር። ፍታሌቶችን የተክል ውህድ አድርገው የሚያቀርቡ ጽሑፎች አሁንም ስለሚታተሙ ይህን በአደባባይ መናገር ግዴታዬ ሆኖ ይሰማኛል።

ስለ መጠንም እንዲሁ ነው። ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ እ.ኤ.አ. በ1962 ከተሰበሰበው የፓሲፊክ ዩ ዛፍ ቅርፊት ተነሥተው የካንሰር መድኃኒት የሆነውን ታክሶልን ሲያገኙ፣ ከ12 ኪሎ ግራም የደረቀ ቅርፊትና ግንድ ያወጡት ግማሽ ግራም ያህል ብቻ ነበር። አወቃቀሩ እ.ኤ.አ. በ1971 ታተመ፤ ሱዛን ሆርዊትዝ ውህዱ በሴል ክፍፍል ጊዜ የሚያስፈልጉትን ጥቃቅን ቱቦዎች እንዳይፈርሱ አድርጎ እንደሚይዝ እ.ኤ.አ. በ1979 አሳየች፤ በአሜሪካ ለእንቁላል እጢ ካንሰር ሕክምና የተፈቀደው ግን እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ቅርፊቱ የተገፈፈ ዛፍ ስለሚሞትና ዛፉም በዝግታ ስለሚያድግ፣ ያቺ የግማሽ ግራም ቁጥር ገና ከጅምሩ ሌላ መንገድ መፈለግ እንዳለበት ትናገር ነበር። መንገዱም በአውሮፓው ዩ ዛፍ ቅጠል ውስጥ ተገኘ፤ ቅጠሉ ተቆርጦ መልሶ ያድጋል፣ በውስጡ ያለው ተቀራራቢ ውህድም በቤተ ሙከራ ወደ ታክሶል ይለወጣል።

አንዳንዶች እንዲህ በከፊል በሰው እጅ የተሠራውን ታክሶል ከቅርፊቱ ከወጣው ያነሰ አድርገው ሲናገሩ እሰማለሁ። ሞለኪውሉ አንድ እስከሆነ ድረስ ይህ ልዩነት የለም። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ቮለር እ.ኤ.አ. በ1828 በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያን ያለ ኩላሊት መሥራት እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ ይህን ክርክር መቀጠል አያስፈልገንም። ልዩነት ማምጣት የሚችለው የአቶሞቹ አቀማመጥ ነው፤ ካርቮን የተባለው ውህድ እንደ ቀኝና ግራ እጅ በሚተያዩ ሁለት መልኮቹ አንዱ የናና፣ ሌላው የካራዌይ ዘር ሽታ እንዳለው ሁሉ።

የሠራልንን እንጂ ያልሠራልንን መጻፍ አለመውደዳችን ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ እ.ኤ.አ. በ1785 ዲጂታሊስ ስለተባለው ተክል ሲጽፍ፣ የተሳካለትንም ያልተሳካለትንም ሕክምና አንድ ላይ አስፍሯል። ይህ ተክል ልብን የሚረዳበት መጠንና የሚመርዝበት መጠን በጣም የተቀራረቡ ስለሆኑ፣ የዳኑትን ብቻ ቆጥሮ ቢሆን ጽሑፉ ራሱ ሰው ይገድል ነበር።

ውድ ተማሪዎች፣ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። እያንዳንዱን ሥራ ያለ ቅጠሉ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ሠርታችሁ ውጤቱን ጻፉ። ቅጠሉን ከመዘፍዘፋችሁ በፊትም አንድ ቅርንጫፍ ከነአበባው በወረቀት መካከል ተጭናችሁ አድርቁና፣ የተቆረጠበትን ቦታና ቀን ጽፋችሁ የደረቁ ዕፅዋት በሚጠበቁበት ሄርባሪየም አስቀምጡ። ከ30 ዓመት በኋላ ጽሑፋችሁን ይዞ ያንኑ ውህድ ፈልጎ ያጣ ሰው፣ ያን ቅርንጫፍ አውጥቶ ዝርያው የትኛው እንደነበረ በዓይኑ ማየት ይችላል።

አመሰግናለሁ።