የፋርስ ምንጣፍ፦ እያንዳንዱ ቋጠሮ የማን እጅ ነው?

[ምስል፦ የሼክ ዛይድ ታላቁ መስጊድ፣ አቡዳቢ። ካሜራው ከጣሪያው ወደ ወለሉ ይወርዳል።]

አቡዳቢ የምትኖሩ ይህን አዳራሽ ሳታውቁት አትቀሩም። ሰው ገና እንደገባ ቀና ብሎ መብራቶቹን ነው የሚያየው። አይፈረድበትም፣ ያፈዛሉ። እኛ ግን ዛሬ ወደ ታች ነው የምናየው።

እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ከ5600 ካሬ ሜትር በላይ ይሰፋል። ድሮ ፋርስ ትባል በነበረችው ኢራን ውስጥ ከ1000 በላይ ሸማኔዎች በእጃቸው ቋጥረውታል። ይህን የሚያህል ነገር ጠቅልሎ መጫን ስለማይቻል ቁራጭ ቁራጩ በአውሮፕላን መጥቶ እዚሁ አዳራሹ ውስጥ ተጋጠመ። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት በረድፍ በረድፍ ትንሽ ከፍ ያሉ መስመሮች አሉት። ሰጋጆች ሰልፋቸውን የሚጠብቁባቸው ናቸው።

መስጊዱ የተከፈተው በፈረንጆቹ 2007 ነው። ዛሬ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አሠራሩ ግን ከ2000 ዓመት በፊት ከነበረው ብዙም አልራቀም።

[ምስል፦ የሸማኔ ጣቶች በቅርበት፣ በዝግታ]

ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። ድሩ ከላይ እስከ ታች ተወጥሯል። ሸማኔዋ ሁለት የድር ክሮች ትይዛለች። ባለቀለም ሱፍ ታስገባለች፣ ትጠመጥማለች፣ ወደ ራሷ ትስባለች፣ በቢላ ትቆርጣለች። አንድ ቋጠሮ አለቀ። ቀጥሎ ያለው ደግሞ ይመጣል። ረድፉ ሲሞላ ማጉን ታሳልፍና ከባድ በሆነ ማበጠሪያ ደህና አድርጋ ትጠቀጥቀዋለች። ጎበዝ ሸማኔ በቀን 8 ሺህ፣ ከበረታችም 10 ሺህ ትቋጥራለች።

ቋጠሮው ሁለት ዓይነት ነው። የቱርክ የሚባለው ሁለቱንም ክሮች እኩል ያቅፋል። የፋርስ የሚባለው በአንዱ ክር ላይ ሙሉ ለሙሉ ይጠመጠምና በሌላው ሥር ሾልኮ ያልፋል። የኢራኗ የተብሪዝ ከተማ ሸማኔዎች ጫፉ እንደ መንጠቆ በታጠፈ ቢላ፣ በቱርኩ ቋጠሮ፣ እጅግ ረቂቅ ሥራ ይሠራሉ። ስለዚህ የፋርስ ምንጣፍ ሁሉ በፋርስ ቋጠሮ ነው የሚላችሁ ነጋዴ ካለ፣ ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

ከዓይነቱ ይልቅ መልኩን የሚወስነው በአንድ ቦታ ላይ ያለው የቋጠሮ ብዛት ነው። ካሬ ካሬ ባለው የሒሳብ ደብተር ላይ፣ ካሬዎቹን እየሞላችሁ ብቻ አበባ ለመሳል ሞክሩ። ካሬው ትልቅ ከሆነ አበባው ኮከብ ይመስላል። ካሬው በጣም ካነሰ ሐረጉ መታጠፍ ይጀምራል። አንዱ ምንጣፍ ጥምዝምዝ፣ ሌላው ማዕዘን ማዕዘን የሆነበት ምክንያት በአብዛኛው ይኸው ነው።

[ምስል፦ በረዷማው የአልታይ ተራራ]

እስካሁን ከተገኙት ሙሉ ምንጣፎች ሁሉ ጥንታዊው የወጣው ከኢራን አይደለም። በ1949 የሶቪየቱ አርኪዮሎጂስት ሰርጌይ ሩደንኮ ሳይቤሪያ ውስጥ ፓዚሪክ የሚባል ቦታ የአንድ መሪ መቃብር ቆፈረ። ሌቦች ቀድመውት ገብተው ነበር። ለታሪክ ግን ውለታ ነው የዋሉት። በሰበሩት ቀዳዳ ውኃ ገባ፣ ውኃው በረዶ ሆነ፣ ምንጣፉ 2400 ዓመት ያህል ሳይበሰብስ ተኛ። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ገደማ ነው፣ ጠርዙ ላይ ፈረሰኞችና አጋዘኖች ተሰልፈውበታል። ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ኤርሚታዥ ሙዚየም ውስጥ ነው። የት እንደተሠራ ምሁራን አሁንም ይከራከራሉ። አንዱ ፋርስ ይላል፣ ሌላው አርመን። እንዲህ ያለ ሥራ ግን የጀማሪ እጅ አይደለም። ከሱ በፊት ረጅም ልምድ መኖር አለበት።

[ምስል፦ የአርዳቢል ምንጣፍ ከላይ]

ምንጣፉን የቤተ መንግሥት ጥበብ ያደረጉት ሳፋቪዶች የሚባሉት የኢራን ነገሥታት ናቸው። ሻህ ታህማስብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎቹን ከሸማኔዎች ጋር አገናኘ። ሻህ አባስ ደግሞ በ1598 ዋና ከተማውን ወደ ኢስፋሃን አዛወረና ወርቅና ብር የተጠለፈባቸው የሐር ምንጣፎች እስከ አውሮፓ ነገሥታት ደረሱ። ከዚያ ዘመን አንዱን ብቻ እናንሣ።

የአርዳቢል ምንጣፍ ርዝመቱ ከ10 ሜትር ያልፋል፣ ስፋቱ ከ5 ሜትር። ድሩና ማጉ ሐር ነው፣ ላዩ ሱፍ። ቀለሙ አሥር ዓይነት ብቻ ነው። ቋጠሮው ወደ 26 ሚሊዮን ይጠጋል። በቀን 8 ሺህ ብትቋጥር አንዲት ሸማኔ ብቻዋን ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይፈጅባታል፣ ያውም አንድም ቀን ሳታርፍ። በርግጥ ብዙ ሆነው ነው የሠሩት።

ጫፉ ላይ የባለቅኔው ሐፊዝ ስንኝ፣ 946 የሚል የሂጅራ ዓመት፣ ማለትም 1539 ወይም 1540፣ እና የአንድ ሰው ስም አለ፦ መቅሱድ ዘካሻን። መቅሱድ ራሱ ተቀምጦ ቋጠረው ማለት ግን አይደለም። ሥራውን የመራው እሱ ሳይሆን አይቀርም። የቋጠሩት ሰዎች ስም የለም። ዛሬም በከተማ ምንጣፎች ጠርዝ ላይ የምታዩት ፊርማ አብዛኛውን ጊዜ የሽመና ቤቱ ባለቤት ነው። ጀርባዋን ያጎበጠችው ሴት ስሟ አይጻፍም። እኔ እዚህ ላይ ሁሌም ቅር ይለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ከመካከለኛው ክብ ግራና ቀኝ ሁለት ፋኖሶች ተንጠልጥለዋል፣ አንዱ ግን ከሌላው ያንሳል። ፍጹምነት የአላህ ብቻ ስለሆነ ሆን ተብሎ የተተወ ጉድለት ነው የሚሉ አሉ። በትንሹ ፋኖስ በኩል ለተቀመጠ ሰው እኩል እንዲታዩ ነው የሚሉም አሉ። ሻጮች የመጀመሪያውን መልስ በጣም ይወዱታል።

ምንጣፉ የነበረው አርዳቢል ከተማ፣ በሳፋቪዶች ቅድመ አያት በሼክ ሳፊ መካነ መቃብር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተሽጦ እንግሊዝ ገባ። ሠዓሊውና ዲዛይነሩ ዊልያም ሞሪስ ይገዛ ብሎ ወተወተ፣ በ1893 የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2000 ፓውንድ ገዛው። ጉዱ ከዚህ ይጀምራል። ምንጣፉ መንትያ ነበረው። አንዱን ሙሉ ለማድረግ ሌላው ተቆርጦ ተለጠፈበት። ጠርዙን ያጣው መንትያ ዞሮ ዞሮ ባለጸጋው ጄ. ፖል ጌቲ እጅ ገባ፣ እሱም በ1953 ለሎስ አንጀለስ ሙዚየም ሰጠው። ለንደን ያለው ቀለሙ እንዳይለቅ መብራት የሚበራለት በየግማሽ ሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

[ምስል፦ የኢራን ካርታ፣ ከተሞቹ እየበሩ]

ሳፋቪዶች በ1722 ኢስፋሃንን ለአፍጋኖች ሲያስረክቡ ትልልቆቹ የሽመና ቤቶች ተዘጉ። በየመንደሩና በየድንኳኑ ግን ሥራው አልቆመም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአውሮፓ ገበያ ሲከፈት የተብሪዝ ነጋዴዎች ንግዱን አነቃቁት። ዛሬ የምናውቃቸው የየአካባቢው መልኮች ብዙዎቹ የዚያን ጊዜና የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልጆች ናቸው።

በከተማ የሚሠራው ምንጣፍ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይሳላል። እያንዳንዱ ካሬ አንድ ቋጠሮ ነው። ካሻን ቀዩና ጥቁር ሰማያዊው፣ መሐሉ ላይ ትልቅ ክብ ያለው ነው፤ ፈረንጅ የፋርስ ምንጣፍ ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ኢስፋሃን በሐር ድር ላይ ስለሚሠራ የመስጊዶቹን ጉልላት ጌጥ ያህል ይረቃል። ቁም በሐር የታወቀችው በ1930ዎቹ ከጀመረች በኋላ ነው፣ ልጅ ናት። ከርማን የቀለም ሀብታም ናት። ከዚያ እንደወጣ የሚገመት የ17ኛው ክፍለ ዘመን ምንጣፍ በ2013 ኒውዮርክ ላይ ከ33 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል።

የናይን ታሪክ ደስ ይለኛል። የናይን ሰዎች ምንጣፍ ሠሪዎች አልነበሩም። ሙያቸው የወንዶች ካባ መሸመን ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ የሬዛ ሻህ መንግሥት ወንዱ የአውሮፓ ልብስ ይልበስ ብሎ ሲደነግግ የካባ ገበያ ቀዘቀዘ። ቀጭን ፈትል የለመደው እጃቸው ወደ ምንጣፍ ዞረ። ክሬምና ሰማያዊ የሆነው የናይን ምንጣፍ እንዲህ ነው የመጣው።

[ምስል፦ የሄሪዝ ምንጣፍ፣ ቀጥሎ የቃሽቃይ ድንኳን]

መንደር ስንደርስ ሐረጉ ይሰበራል። ሄሪዝ ትልቁን ክብ በቀጥታ መስመር ይሥለዋል፣ ቀለሙ የጡብ ቀይ ነው፣ ለመረገጥ የተፈጠረ ነው። የኩርዶቹ ቢጃር ደግሞ የብረት ምንጣፍ ይባላል። ማጉን አርጥበው ስለሚቀጠቅጡት አይታጠፍም። በግድ ብታጥፉት ድሩ ሊበጠስ ይችላል። መጠቅለል ብቻ ነው።

ዘላኖቹ ጋ ወረቀትም የለም። ፋርስ በሚባለው ክፍለ ሀገር ያሉት ቃሽቃዮች መሸመኛቸውን መሬት ላይ ያጋድሙታል፣ ለጉዞ ሲነሡ ነቅለው ይጭኑታል። ወንዶቹ ሱፉን ይሸልታሉ፣ መሸመኛውን ያቆማሉ፤ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ቀለም ይነክራሉ፣ ከቃል ይሠራሉ። ፍየሏ፣ ወፏ፣ ኮከቡ ሸማኔዋ ደስ ባላት ቦታ ይገባል። የተነከረው ሱፍ አልቆ ሌላ ሲነከር ደግሞ ቀዩ በመሐል ፈዘዝ ይላል። ፋብሪካ ይህን እንከን ይለዋል፤ እኔ ምንጣፉ ላይ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው። ዩኔስኮ የፋርስ ክፍለ ሀገርንም የካሻንንም የምንጣፍ ሙያ በ2010 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቧል።

[ምስል፦ የቴህራን ባዛር]

ገበያው እንደ ፖለቲካው ነው። አሜሪካ የኢራን ምንጣፍ እንዳይገባ በ1987 ከለከለች፣ በ2000 ፈቀደች፣ በ2010 ከለከለች፣ በ2016 ፈቀደች፣ በ2018 ደግሞ መልሳ ዘጋች። በመሐሉ ሕንድና ፓኪስታን የካሻንንና የተብሪዝን ንድፍ እየሠሩ ቦታውን ያዙ። እነሱም በእጅ ነው የሚሠሩት፣ አንዳንዱ በጣም ጥሩ ነው። የፋርስ ነው ተብሎ ሲሸጥ ነው ችግሩ።

በእጅ መሠራቱን ብቻ ማጣራት ለምትፈልጉ፣ ዘርፉን እዩ። በእጅ የተሠራው ላይ ዘርፉ የድሩ ጫፍ ነው፣ ከውስጥ ነው የሚወጣው። የማሽኑ ላይ ብዙውን ጊዜ ኋላ የተሰፋ ነው። ከዚያ ገልብጡት። ጀርባው ላይ ንድፉ እንደ ፊቱ ጥርት ብሎ መታየት አለበት፣ ቋጠሮዎቹም አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን ማለታቸው አይቀርም። ጀርባው ጨርቅ ተለጥፎበት ከሆነና ሻጩ አይነሳም ካላችሁ፣ ሌላ ሱቅ ሂዱ።