ቤትሽ ጊዜ የለሽም?

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። በስልክ የጀመርኩት የዓረብኛ ትምህርት የት ደረሰ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ አዎ፣ አሁንም ሰላምታ ላይ ነኝ። ሳቁ። ወንድሜም ስቆ ጨርሷል።

መንገድ ላይ ሰዓቴን አላባክንም ብዬ መማሌን ታውቃላችሁ። ከአያት እስከ መገናኛ ዓረብኛ። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ትረካ፣ ካልሆነም ዜና። ሁሉንም ማታ በዋይፋይ አውርጄ ነው የምተኛው። ጠዋት መንገድ ላይ በዳታ ልክፈት ያለ ሰው ካርዱም ትዕግሥቱም ያልቃል። ማንበብ ደግሞ ሰልፍ ላይ ነው እንጂ ታክሲ ውስጥ አልችልም፣ ያጥወለውለኛል። ባቡሩ በ2008 ሲጀምር፣ ከአያት ጦር ኃይሎች 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ሲሉን፣ «ተገላገልኩ፣ ቁጭ ብዬ አነባለሁ» ብዬ ነበር። ቁጭ! አንድ እጅ ብረቱ ላይ፣ አንድ እጅ ቦርሳ ላይ። ነፃ የሚሆነው ጆሮ ብቻ ነው። ታክሲ ውስጥ እሱም አንዱ ብቻ ነው፣ ሌላው «ሂሳብ» ሲባል መስማት አለበት።

እና የዚያን ዕለት ባቡሩ አላስጠጋ አለኝ፣ ታክሲ ያዝኩ። የኋላ ወንበር። ከጎኔ መስኮቱ ጋ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። መስኮቱን ከፍተውታል፣ ልብ በሉ፣ ራሳቸው ናቸው የከፈቱት! በዚህ ከተማ መስኮት የሚከፍቱ እናት አይቼ አላውቅም። ንፋስ መታኝ ያለ ሰውም የለም። ስልኬን ብቻ ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩ፣ መብራት ላይ ሲቆም መንጭቆ የሚሮጥ አለ።

እኔ በለሆሳስ ዓረብኛዬን እደግማለሁ። ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ለካ ጸሎት መስሏቸው እስክጨርስ እየጠበቁኝ ነው። ዝም ስል «ዳዊት ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ትምህርት ነው። ሰዓቱ በከንቱ እንዳያልፍ ብዬ ነው።»

አዩኝ። ስልኩን አዩ። ከዚያ «ቤትሽ ጊዜ የለሽም?»

በቃ ይኼው ነው። በቁጣ አይደለም። «ቁርስ በልተሻል?» እንደሚባለው አድርገው ነው የጠየቁኝ። እኔም «ይገኛል» አልኩ። ይገኛል ምን ማለት ነው? የጠፋ ዕቃ ነው እንዴ? እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ውጭ ማየታቸውን ቀጠሉ። ጉርድ ሾላ ላይ «ወራጅ አለ!» አሉ። ድምፃቸው ደግሞ! ረዳቱ ራሱ ደነገጠ። ወረዱ።

ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። አዝነውልኝ ነው? ወይስ «ምን ያቅለበልባታል» ብለው ነው? አንዳንድ ቀን ሐዘኔታ ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ... እሳቸው እኮ ከአያት ጀምሮ ምንም አልሠሩም። ምንም። መቁጠሪያ እንኳ አልያዙም። ያዩ ነበር፣ በቃ።

እውነት ለመናገር ቤት ስገባ ዓረብኛ ትዝ አይለኝም። ወጥ አለ። ውሃ የሚመጣበት ቀን ከሆነ ጀሪካን አለ። ከዚያ ስልክ ይዞ መጋደም፣ እሱን አልቆጥርም። ታዲያ የኔ የምለው ሰዓት በሁለት ሰው መሀል ተጣብቄ የምቀመጥበት ነው ማለት ነው? እሱንም ለትምህርት ሰጠሁት...

አይ፣ ቆይ። ምን አገባቸው ግን! 2:30 ቢሮ የምገባው እኔ ነኝ። ደግሞ ካልተማርኩ ምን ልሁን፣ የሰው ማጅራት ሳይ ልኑር? ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ላይ ነው ፈተና አጥንቶ የሚያልፈው። እኔ አላምንም በቃ... ማለቴ፣ ትንሽ አምናለሁ።

ባለፈው እስቲ ልሞክረው ብዬ ማዳመጫዬን ከቦርሳ አላወጣሁም። ሾፌሩ የእንግሊዝ ኳስ ትንታኔ ከፍቷል። ሰለቸኝ። መገናኛ ሳንደርስ ልከፍተው ነበር፣ ከኋላዬ አንዷ በስልክ ስለ ዕቁብ መጨቃጨቅ ጀመረች። ዕጣው ወጥቶላታል፣ ግን ሌላ ሰው ቀድሞ ወስዶባታል። ዳኛው ደግሞ አጎቷ ነው! «አጎቴ ባይሆን ኖሮ» እያለች... እዚህ ጋ እኔ መውረጃዬ ደረሰ። ልለፈው እንዴ ብዬ ሁሉ አስቤ ነበር። ወረድኩ።

ገንዘቡን መለሰላት ይሆን? ከሜክሲኮ መስመር የምትሰሙኝ ካላችሁ፣ እስቲ... አይ፣ ተዉት። ግን አጎት እንዴት ዳኛ ይደረጋል? የኛም ቤት እኮ አንድ ጊዜ...